ከምርቃቱ በኋላ

ቀጸላ ክርኔን ይዞ እስከ ማይኩ ያደርሰኛል። የዴንቨር ጎረቤት የሆነችው የኦሮራ ከተማ ምክር ቤት ተመራጮች ከፍ ካለ ወንበር ላይ ሆነው ያዩናል። ከፊታቸው ትንሽ መብራት አለች፤ አሁን አረንጓዴ ነች።

«በወጉ ይጀምሩ፣ ጋሽ ዘውዱ» ይለኛል በጆሮዬ። «እነዚህም ሽማግሌ ያከብራሉ። ቀስ ብለው ይናገሩ፤ እኔ እየተከተልኩ እተረጉማለሁ።»

ከከተማው በስተምሥራቅ መሬት ተከራይቼ ጎመንና ቃሪያ አበቅላለሁ። ባለቤቱ ሞቶ ልጆቹ ለቤት ሠሪ ድርጅት ሊሸጡት ነው። ከተማው ቤት ይሠራበት ካለ አበቃ። እርሻ ሆኖ ይቆይ ካለ ገዢው ይተወዋል፣ እኔም አርሳለሁ። የሚወሰነው ዛሬ ነው።

ከኋላ ያገሬ ሰዎች ተቀምጠዋል። ቤት ፈላጊዎች ናቸው። የሞንትቤሎ ሰፈሯ ምንትዋብ ቅድም በር ላይ ይዛኝ፣ «ጋሽዬ፣ ጎመን ከሃቫና ስትሪት ሱቆች እንገዛለን፤ ቤት ከየት እንግዛ?» ብላ አሳቀችብኝ። የሃቫናውን ጎመን ማን እንደሚያበቅለው አልነገርኳትም።

ቀጸላም ቤት ያሻሽጣል። አውቃለሁ። ግን ሲያገባ ሽማግሌ ሆኜ የሄድኩለት እኔ ነኝ።

«ከሁሉ አስቀድሞ እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ቀጸላ ይተረጉማል። የእኔን አንድ ቃል እሱ ያረዝመዋል። «ወንበራችሁ ይጽና። ልጆቻችሁ ይደጉ። ከክፉ ይሰውራችሁ።»

«አሜን!» ይላሉ ከኋላ።

መብራቷ ቢጫ ትሆናለች። ቀጸላን አየዋለሁ።

«ይቀጥሉ፣ ደስ ብሏቸዋል።»

አገሩን እመርቃለሁ። ዝናቡን እመርቃለሁ። «እንግዲህ ወደመጣሁበት ጉዳይ ስገባ…» ስል መብራቷ ትቀላለች፤ ደወል ይጮኻል። ሰብሳቢዋ ፈገግ ብላ አንድ ነገር ትናገራለች።

«ምን አለች?»

«ጊዜዎ አለቀ አለች። በጣም አመስግናለች።»

«ስለ መሬቱ እኮ ገና አልተናገርኩም!»

«ለሁሉም ሦስት ደቂቃ ነው፣ ጋሽዬ። የአገሩ ሕግ ነው። ይቀመጡ።»

እቀመጣለሁ። ቀጥሎ የሚጠሩት የቀጸላን ስም ነው። እሱም ተራ ይዞ ኖሯል።

ማይኩን ወደ ራሱ ቁመት ከፍ ያደርገዋል። እንደምን አመሻችሁ እንኳ አይልም። በእጁ ወደ ኋላ ሲያመለክት ምንትዋብና ሌሎቹ ብድግ ይላሉ። ቤት፣ ቤተሰብ፣ ልጆች ሲል ይሰማኛል፤ ለዚህ የሚሆን እንግሊዝኛ አላጣም። ጨርሶ ሲመለስ መብራቷ ገና አረንጓዴ ነች።

ያኔ ለእሱ ሽማግሌ ሆነን ስንሄድ እሱ ውጪ መኪና ውስጥ ነበር። እኛ ውስጥ ቆመን ስንመርቅ፣ እኔም የልጅቷን የቤዚን ስም ሳላነሣ ስቆይ፣ እሱን ብርድ ገደለው። በኋላ፣ «የጋሽ ዘውዱ ምርቃት እስኪያልቅ ከዴንቨር ቶርንተን ደርሶ መመለስ ይቻላል» እያለ ለሠርገኛው ሁሉ አወራ። እኔም ስቄ ነበር።

ተመራጮቹ ቤት ይሠራበት በሚለው ላይ ድምፅ ይሰጣሉ። የተቃወመ የለም። ከኋላ ይጨበጨባል።

ቀጸላ አጠገቤ ተቀምጦ ከወንበሬ ሥር ያለውን ፌስታል በእግሩ ይነካዋል።

«ምንድን ነው?»

«ጎመን። ላሳያቸው ያመጣሁት።»

«እንግዲህ ካልፈለጉት ለቤዚ ልውሰድላት። የእርስዎን ጎመን ትወዳለች።»

መልስ አይጠብቅም። ፌስታሉን ፈትቶ ጎመኑን ያወጣል። አፈሩን ያዩልኛል ብዬ ከነሥሩ ነው የነቀልኩት። ሥሩን ይዞ ምንጣፉ ላይ ያራግፋል። አንዴ፣ ሌላም ጊዜ። ከዚያ አፈሩን በጫማው ጫፍ ወደ ወንበሬ ሥር ይገፋዋል።