እጅ የምታስታጥበው አክስት

«አክስቴ፣ ከዚያ ወንበር ተነሺ! ለክብር እንግዳው ነው...»

ሩቂያ ተነሳች። የማስታጠቢያውን ጆግ አንስታ ወደ ጓሮ ሄደች።

ናጅዋ ወንበሩን በፎጣ ጠረገችው።

ይህችን ቀን ስታስብ ዓመት አልፏታል። ሌላው ቤተሰብ ከቤቱ የዘመተውን ሰው ፎቶ እየለጠፈ ሲያወድስ፣ ባድመ ላይ የወደቀውን አጎቷን ኢብራሂምን ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያነሳው የለም።

ዛሬ ሸዋ ሮቢት፣ በአያቷ በሀጂ አብዱረሂም ግቢ፣ ከማንጎው ሥር ድንኳን ተተክሏል። ሰደቃው ደርሷል። ኢብራሂም ከትልቅ ባነር ላይ ያያል... የሃያ አንድ ዓመት ልጅ፣ የወታደር ኮፍያው የሰፋው።

አሟሟቱን ግን በቤቱ የሚያወራ የለም። ሀጂ ሲጠየቁ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ እንጂ አይመልሱም።

ስለዚህ ናጅዋ በፌስቡክ አፈላልጋ ያን ቀን አብሮት የነበረ ሰው አገኘች። ጋሼ ደሳለኝ ይባላል፤ የደብረ ሲና ሹፌር ነው። ዛሬ ይመጣል።

አክስቷ ሩቂያማ ምን ታውቃለች? ያኔ ጅዳ ነበረች።

እሱም ጅዳ ከተባለ! ሁለት ዓመት አረብ አገር ኖራ፣ የታመመ ወገብ ይዛ መጣች እንጂ አንድ ብርድ ልብስ እንኳ አላመጣችም። «ሩቂያ ጅዳ የሄደችው ዘምዘም ጠጥታ ለመመለስ ነው» እያለ ሰፈሩ ሲስቅባት ኖሯል።

ናጅዋም አብራ ስቃለች...

ባል አላገባች፣ ልጅ አልወለደች። ድግስ ሲኖር እጅ ታስታጥባለች። በቃ።

እንግዳው ደረሰ። የደጋ ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ላቡ እየተንቆረቆረ።

«ጋሼ፣ ደብረ ሲናን ተሸክመው ነው እንዴ የወረዱት? ያውልቁት እንጂ!»

«ጠዋት ጣርማ በር ብርድ ላይ ብታገኚኝ እንዲህ አትስቂብኝም ነበር፣ ልጄ!»

ድንኳኑ ሳቀ። ደሳለኝ ከተጠረገው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ለእሱ ክርስቲያን ጎረቤት ዘንድ በግ ታርዶ ለብቻው ተሠርቷል። «ከምግቡ በኋላ ስለ ጀግናችን ይነግሩናል» አለች ናጅዋ።

ሩቂያ ጆግና ሳፋዋን ይዛ ከዳር ጀመረች። ጎንበስ ብላ ታፈስሳለች። ሰዉ ወሬውን ሳያቋርጥ ይታጠባል...

እጅ የሚያስታጥብን ሰው ፊት ማን ያያል?

ደሳለኝም ወደ ባነሩ እያየ እጁን ዘረጋ። ከቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች የሉም።

ውሃው ቆመ።

«አፍስሺ እንጂ አክስቴ! እንግዳ ታስጠብቂያለሽ እንዴ?»

ሩቂያ አልሰማችም። ጆጉን መሬት አስቀምጣ፣ ጠባሳውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«ደህና ገጥሟል...» አለች ቀስ ብላ። «እኔማ እጁ ሙሉ ይቆረጣል ብዬ ነበር የፈራሁት።»

ደሳለኝ ቀና አለ። አያት... አያት... ከዚያ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ።

«ሩቂያ! በስመ አብ! በሕይወት አለሽ? የአባትሽን ስም እንኳ ሳላውቅ ስንት ዓመት ፈለግኩሽ!»

«ጋሼ፣ ተሳስተዋል» አለች ናጅዋ በሀፍረት። «እሷ ያኔ ጅዳ ነበረች።»

«የምን ጅዳ አመጣሽ? ቁስለኛ ታነሳ ነበር! እኔና ኢብራሂም ጎን ለጎን ወደቅን። የደረሰችልን እሷ ብቻዋን ናት። በሸራ መጎተት የምትችለው ደግሞ አንድ ሰው ነው። ‹እሱን አስቀድሚ፣ እሱ ይተርፋል› አላት ኢብራሂም። እኔን ጎተተች። ተመልሳ ስትሄድ...»

አልጨረሰውም።

«መንገዱን ሙሉ እያለቀሰች ነው የጎተተችኝ። ለማታውቀው ልጅ እንዲህ የምታለቅስ ምን ዓይነት ሴት ናት፣ እያልኩ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።»

ሩቂያ ወደ ባነሩ አየች።

«ወንድሜ ነው» አለች።

ከሴቶቹ በኩል አንዷ «ያ አላህ!» አለች።

ናጅዋ ወደ አያቷ ዞረች። «አባባ... ያውቁ ነበር?»

ሀጂ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«የመጣች ዕለት ነግራኛለች። ‹የራስሽን ወንድም ጥለሽ የማንን ልጅ ተሸከምሽ?› አልኳት። ለሰው ደግሞ ጅዳ ነበረች አልኩ። ከወንድ ጋር ምሽግ ያደረች ከተባለ ማን ያገባታል ብዬ... ይኸው ማንም አላገባት። ከዚያ ወዲህ ዓይኗን አይቼ አላውቅም።»

ወደ ደሳለኝ ዞሩ።

«ልጆች አሉህ?»

«አራት፣ ሀጂ። አንድ የልጅ ልጅም አለኝ።»

ሀጂ በጣታቸው ቆጠሩ። «አምስት... ከአንተ ጋር ስድስት ነፍስ።»

ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱ። ጆጉን ከመሬት አነሱ።

«ተቀመጪ።»

«አባ፣ ኧረ እኔ...»

«ተቀመጪ አልኩሽ!»

ባዶ የነበረው ወንበር ያው ያስነሷት ወንበር ነው። ተቀመጠች።

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን እንደያዙ በአንድ እጃቸው በልጃቸው እጅ ላይ ውሃ አፈሰሱ። ከእጇ ይልቅ ቀሚሷ ላይ የፈሰሰው ይበልጣል... ማንም አልሳቀም።

ናጅዋ ሳፋውን ይዛ ተንበረከከች። ከሥር ሆና ቀና ስትል፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የአክስቷን ፊት አየች።

.
.
.

ወዳጆቼ... እኛ ሙት ማክበር እንችልበታለን። ሙት ባነር ላይ ይሰቀላል፤ አይጠይቀን፣ አይወቅሰን። በሕይወት ያለውን ግን «ከወንበሩ ተነሺ» እንለዋለን።

የወደቀውን አክብሩ፤ ይገባዋል። ግን ከባነሩ ሥር ጎንበስ ብሎ የሚያልፈውንም ሰው ቀና በሉና እዩት። ለሰው ያልነገረው ዘመቻ ይኖረዋል።

በእናንተ ቤት ድግስ ሲኖር እጅ የሚያስታጥበው ማን ነው? የት ነበርክ፣ የት ነበርሽ ብላችሁ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?

ስሙን ከሥር ጻፉት... ለአንድ ቀን እንኳ ስሙ ይነሳ።