በሩ የማያውቃት ልጅ

ስንዱ በልጇ በኤልዳና ፎቶ ላይ፣ ከአገጯ ሥር ያለችውን ግራጫ መስመር የምር ልብ ያለቻት በሩ አልቆለፍም ካለ በኋላ ነው። መስመሯ ትናንትም ነበረች፤ የስክሪን ቆሻሻ መስላት በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ተወቻት። አሁን ግን የልጅቷን ፊት እስከ ቅንድቧ ውጣዋለች።

በሰፈሩ የየቤቱ በር ሲመሽ የሚቆለፈው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ፊቱ በቤቱ ሚሞሪ ካርድ ላይ ከተገኘ ብቻ ነው። ያልተገኘው ባዕድ ነው፤ ባዕድ ደግሞ ወደ መጠለያ ይወሰዳል።

ስንዱ መጠባበቂያ ካርዶቿን ከትራስ ሥርና ከበርበሬ ጣሳው አውጥታ ሞከረች። ሁሉም ላይ ያው ግራጫ ነው። እንዳይጠፋባት እየፈራች በየምሽቱ ከዋናው ካርድ ስትገለብጥ፣ የተበላሸውን በደህናው ላይ የጫነችው ራሷ ናት።

የሰፈሩ ጥበቃ ጋሽ ደምሰው ደጁ ላይ ቆሙ።

«ባዕድ አስገብተሻል። አውጫት።»

«ጋሽ ደምሰው! ክርስትናዋ ላይ በልተው ጠጥተው የመረቋት ልጅ እኮ ናት!»

«እኔማ አውቃታለሁ። በሩ ነው የማያውቃት።»

«አሁኑኑ ፎቶ ላንሳታ!»

«ዓመት ያልሞላው ፎቶ አይቆጠርም። ደግሞ አትጩኺብኝ፤ ካርድሽን የበላሁት እኔ አይደለሁም። አንቺ ግቢና ተኚ፣ ያንቺ ፊት ደህና ነው።»

ኤልዳና ሳይነግሯት ጫማዋን ማጥለቅ ጀመረች። «እማዬ፣ ጠዋት ትመጫለሽ?»

ስንዱ ጋቢውን ከአልጋው ላይ ጎትታ ልጇን አዘለቻትና ደጁን ተሻገረች።

«አንቺን ደግሞ ማን ውጪ አለሽ?» ብለው ጋሽ ደምሰው ጮኹባት።

ከኋላቸው በሩ በራሱ ተዘጋና ባዶውን ቤት ለሌሊቱ ቆለፈው።