ጤነኛዋ

«ይቺ ጤነኛ የተባለችው ሴት በሽታው አለባት» አለ ተማሪው፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል። «ብልቃጥ ተቀያይሮብን ካልሆነ በቀር ጉድ ፈልቷል፣ ፕሮፌሰር።»

ፕሮፌሰሯ ብልቃጧን ከበረዶው ውስጥ አንስታ በመዳፏ ጨበጠቻት። በራሷ እጅ የጻፈችው «ጤነኛ» የሚለው ቃል ደብዝዟል። ከወላጅ ወደ ልጅ እየተላለፈ ጡንቻ የሚያመነምነውን በሽታ መነሻ ያገኘችው፣ ስሟም የተጠራው፣ የሕመምተኛውን ሁሉ ደም ከዚህች ብልቃጥ ጋር እያስተያየች ነበር። ከእሷው እየቀነሰች ለስንቱ አገር ላቦራቶሪ ልካለች። አሮጌው ማሽን ያላየውን ጉድለት ግን አዲሱ ማሽን ዛሬ አየው።

«ድገመው» አለችው።

«ደጋግሜዋለሁ እኮ!»

«እባክህ፣ አንዴ ብቻ።» ሰው ለምና አታውቅም ነበር። ተማሪው ደንግጦ ዞር አለና ያየውን እንዳላየ ሆነ።

«ከሚያስጨንቀን ሴትየዋን እንጥራትና እንደገና ደም ትስጠን» አላት ሊያጽናናት። «ልጆች ካሏትም አብረው ይምጡና ይመርመሩ። ደንቡን ያወጡት እርስዎ ራስዎ ነዎት።»

በረዶው በመዳፏ ውስጥ ቀልጦ በጣቶቿ መሃል ይንጠባጠብ ጀመር። ያኔ፣ ሥራውን ስትጀምር፣ ጤነኛ ደም የሚሰጣት ሰው ብታጣ፣ «የኔስ ምን አለው?» ብላ እየሳቀች የቀዳችው ከገዛ ክንዷ ነበር።

ብልቃጧን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና የግራ እጅጌዋን ቀስ ብላ ሰበሰበች።

«ቅዳ» አለችው ክንዷን ዘርግታ። «ልጄን ግን ለምርመራ ምን ብዬ ልጥራት?»