ስሙ ያልታወቀው ቅጠል

«የአገሬን ዕፅ ሁሉ ስሙን ከነታሪኩ ጽፈህ ሳትጨርስ አገርህን አታያትም!» ብለው ደጃዝማቹ ከፈረዱበት ወዲህ፣ ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ከታሰረበት አምባ ወርዶ አያውቅም፤ ቅጠሉንም ከየአገሩ እየለቀሙ ያመጡለታል። በር ጠባቂው፣ «ጌታው፣ ዛሬስ ስንት ቅጠል ቀረዎ?» እያለ ሲያሾፍበት፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ በረጅሙ ይተነፍሳል። ሚስቱ ትርንጎ ግን የምትፈራው መፈታቱን ነበር፤ የተፈታ ለት ጥሏት ይሄዳላ!

«የቀረኝ ከጓሮ ያለው አንድ ቅጠል ብቻ ነው» ባላት ማግስት፣ ያንኑ ነቅላ ልትጥል ማልዳ ወጣች። ባሏ ቀድሟት ተንበርክኳል፤ ከአገሩ ይዞት ከመጣው ከረጢት ዘር እየቆነጠረ አፈር ያለብሳል።

ቀና ብሎ አያትና ፈገግ አለ።

«ለደጃዝማቹ ንገሪልኝ፣ ትርንጎዬ፤ ስሙን የማላውቀው ሌላ ቅጠል ሊበቅል ነው።»