የተመዘገበ ስም

ትርሲት የሶፍትዌር ድርጅቷን ባሕር ማዶ ስታቋቁም ያገሩ ሕግ በዋስትና የጠየቃት ስሟን ነበር። ለድርጅት የተሰጠ ስም ለሰው አይሆንም፤ ማንም ቢጠራው ድምፁ ከአፉ ሳይወጣ ይጠፋል። እሷ ግን ብዙም አልከፋትም። ጅማ ያሉት እናቷ ከ«እንኮዬ» በቀር በሌላ ስም ጠርተዋት አያውቁም። ደጅ ጭቃ ስታቦካ ለምሳ የምትጠራው፣ ሲመሽ እግሯን እንድትታጠብ የምትጠራው በዚያ ነበር። እሱ ከተረፈላት የቀረው የራሱ ጉዳይ!

በምዝገባው ቀን እናቷ በቪዲዮ ምስክር ሊሆኑ ጅማ ነጠላቸውን አስተካክለው ስክሪን ፊት ተቀመጡ።

«እናት፣ ልጅዎ ሌላ የምትጠራበት ስም አላት?» አለ መዝጋቢው በአስተርጓሚ።

ትርሲት ከመዝጋቢው ጎን ሆና እንዳይናገሩ በዓይኗ ጠቀሰቻቸው። እሳቸው ግን ዝም ቢሉ የልጃቸው ጉዳይ የሚጎድል መሰላቸው።

«እንዴታ! እንኮዬ ነው የምላት፤ አንድ ለእናቷ እኮ ናት!» አሉ ኮራ ብለው። መዝጋቢው እሱንም ከስሟ ሥር ለድርጅቱ አሰፈረው።

ድርጅቱ ሠመረላት። ትርሲት እዚያው ቤት ሠራች፤ እናቷም ለፋሲካ ሊጠይቋት መጡ። በመስኮት ስታያቸው ከበሩ ቆመው፣ እንደ ድሮው አንገታቸውን ሰገግ አድርገው አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልተሰማም። ደግመው ሞከሩ። ዝም።

ከዚያ መንገድ እንደ ጠፋበት እንግዳ በሩን ቀስ ብለው ቆረቆሩና፣

«ቤቶች!» አሉ።