ከምሰሶው የወጣው ብዕር

«ይህ የተጣራ እውነት ነው፤ ከዋሸሁ መሮዬ ይደንዝብኝ» ብሎ ማለ ብዕር ቀራጩ። «ይህ ብዕር ከማዶው ደብር አሮጌ ምሰሶ የወጣ ነው። ሦስት መቶ ዓመት የቆመ ወይራ! ቶርኖው ላይ ስቀርጸው መሮዬን ሰባ ጊዜ ነው የሳልኩት። ብናኙ እንኳ ከቅድስናው ብዛት ሦስት ቀን አስነጥሶኛል።»

ከቀንድም ከአጥንትም ብዕር ሲያወጣ የኖረ ሰው ነው። ገዢ ሲመጣ የበሬው ቀንድ የጎሽ፣ የፍየሉ አጥንት የአንበሳ ይሆናል። የዛሬው ሽማግሌ ግን ብዕሩን አገላብጠው አዩና በሩ ላይ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«እኔ የዚያ ደብር ገበዝ ነኝ፤ ንብረቱን የምጠብቅ» አሉ። «ቤተ ክርስቲያኑ አምና ሲታደስ አንድ ምሰሶ ጠፍቶብናል። የቀረውን የት አደረስከው፣ ልጄ?»

ቀራጩ ወደ በሩ አየ። ወደ ውጭ የሚያስወጣው በር አንድ ነው፤ እሱንም ገበዙ ዘግተውታል። ዋሸሁ ቢል ሃያ ዓመት የገነባው ስም ይናዳል፤ እውነት ነው ቢል የታቦት ንብረት ሌባ ይሆናል። አሰበ፣ አሰበና ከውሸታምነት ሌብነት ሳይሻል አይቀርም ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋ።

«ይውሰዱኝ፣ አባቴ።»

ሚስቱ ከጓዳ ወጣች። ብዕሩን ከገበዙ እጅ ተቀብላ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

«አባ፣ የእናንተ ምሰሶ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «በርበሬ በርበሬ ይሸታል። ከፋሲካ ወዲህ የምፈልገው ዘነዘናዬ ነው።»