የክብር ወንበር

ወጣቱ የሥነ ልቦና ሐኪም በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ሲከት የነጅማ ልብ ድንግጥ አለ። ጂዳ ውስጥ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሁሉ የሚታፈስበት ሰሞን ነበር፤ ጃሚዓ ሰፈር ወዳለው ወደዚህ ቤት ያመጧት «የጨነቃትን የሚያዋዩ የሀገር ልጆች አሉ» ብለው ነው። ወጣቱ እንደ ክብር እንግዳ ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ ከበሩ ርቆ ካለው ወንበር ላይ አስቀመጣት።

«አይዞሽ እህቴ። ከከፊልሽ፣ ከአሠሪሽ ቤት መቼ ወጣሽ? አሁንስ የት ነው የምታድሪው? ከማን ጋር?»

ይህንንማ ፖሊስም ይጠይቃል። ሻርፗን አፏ ድረስ ሳበች።

«ድባቴ ነው» አለ ወጣቱ፣ በሩ አጠገብ ወደተቀመጡት አንጋፋ ሴት ሐኪም ዞሮ።

«ቆይ እስቲ፣ ዓይኗን እይ» አሉት ሴትዮዋ። የነጅማ ዓይን ከበሩ አልተነቀለም። ሴትዮዋ ቁልፉን ከወጣቱ ተቀብለው መዳፏ ላይ አኖሩላትና የራሳቸውን ወንበር ለቀቁላት። «እዚህ ሁኚ፣ ልጄ። ስትፈልጊ ከፍተሽ ሂጂ።»

ነጅማ ይህንንም አላመነችም። ሄዳ ከፈተችው። ደረጃው ላይ ያደፈጠ ሰው አልነበረም። እጀታውን እንደያዘች ጥቂት ቆየች፤ ከዚያ በሩን መልሳ ዘጋችና በገዛ እጇ ከውስጥ ቆለፈችው።

«ማዳም የምትቆልፍብኝ ከውጭ ነበር» አለች፣ በሩ አጠገብ ተቀምጣ። ቁልፉን ግን አልመለሰችም።